ለማኅተም የተተወ ቦታ

ጋሽ ውብሸት ማረፋቸውን የነገረን ሾፌሩ ተካ ነው። መኪናውን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ገባና እናቴን፣ «እትዬ አልማዝ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አላት። እናቴ ቁጭ ብላ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብላ መዝገብ ስትጠርዝ ነው የዋለችው። ቁጭ ያለ ሰው ቁጭ በል ሲባል ነገሩ ይገባዋል መሰለኝ፣ መርፌዋን ወረቀቱ ላይ ሰክታ፣ «ጋሽ ውብሸት ናቸው?» አለችው።

«አዎ። ኮምቦልቻ፣ እህታቸው ቤት ዐረፉ። ስመለስ ልጠይቃቸው ብዬ ጎራ ብል ድንኳን ተጥሎ አገኘሁ።»

እናቴ ወዲያው አላለቀሰችም። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው፣ «ደክሟቸው ነበር» የሚል ነው። ተካም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ስሰማው ትክክል መሰለኝ፤ ጋሽ ውብሸትን ባወቅኋቸው አምስት ዓመት ውስጥ ያልደከማቸው ቀን ትዝ አይለኝም። ግን ደግሞ ከእሳቸው ጋር ውዬ ደስ ሳይለኝ ቤቴ የገባሁበት ቀንም የለም። ሁለቱ ነገር እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆን ላስረዳ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሽ ውብሸት ማሽኒስት ነበሩ። አጭር፣ ወፍራም፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ የሚጥሉ፣ ከካናቴራ በላይ ልብስ የማይታገሡ ሰው። ሲሄዱ እግራቸውን አያነሡም፤ ይጎትቱታል። ሲቀመጡ «እህ» ይላሉ፤ ሲነሡም «እህ» ይላሉ። እናቴ፣ «ሁለቱ እህ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ምስጋና ነው፣ ሁለተኛው ክስ ነው» ትል ነበር። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ለእናቴ ቁርስ ላደርስ ስገባ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦

«እየጠበቅን አደርን፣ ልጄ።»

የሚጠብቁት ቀለም እስኪደርቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። አሰብ ላይ ግን ቀልድ አይደለም።

ማተሚያ ቤቱ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ወደብ ወረቀት ይበላል፤ የዕቃ ዝርዝር፣ የመጋዘን መዝገብ፣ የጆንያ ላይ ወረቀት፣ የሾፌር ካርድ፣ ምኑ ቅጡ። ባለቤቱ ሳልህ የአሰብ ልጅ ነው፤ አፋርኛውን፣ ዐረብኛውን፣ ትግርኛውንና አማርኛውን ሳያጣላ ይናገራል። ጋሽ ውብሸት በአባቱ ጊዜ የተቀጠሩ ስለሆኑ እሱን አንተ ይሉታል፤ እሱ እርስዎ ይላቸዋል። ያኔ የነበረው ማሽን አንድ ብቻ ነው። ስሟ «አሮጊቷ» ነበር። አሮጊቷን የሚያውቁት፣ የምትታዘዘውም ለእሳቸው ብቻ ነው።

«ደጋ ላይ ማታ ያተምሽውን ጠዋት ትቆርጪዋለሽ» ይሉኝ ነበር። «ቀለሙ ትንሽ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የቀረውን አየሩ ያጠነክረዋል። እዚህ ግን ወረቀቱም ያልበዋል። ወረቀቱ ጠግቦ ሲመጣ ቀለሙ የት ይግባ?»

እውነታቸውን ነው። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ከእኛ አልፎ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። የታተመውን ሳይደርቅ ከደረቡት የታችኛው ሉክ የላይኛውን ጀርባ ያጠቁረዋል፤ ሲብስም ሁለቱ ተጣብቀው ሲላቀቁ ከቁስል ላይ እንደሚነሣ ፕላስተር ጠረር ይላሉ። ስለዚህ ጋሽ ውብሸት የታተመውን በጥቂት በጥቂቱ ይከፋፍሉታል፤ ነጭ ዱቄት ነስነስ አድርገው፣ በመሃል በመሃሉ የእንጨት ዘንግ ጣል እያደረጉ ጥላ ወዳለው ግድግዳ ይወስዱታል። ዱቄቱ ያስላቸዋል። አስቀምጠው ሲጨርሱ እጃቸውን ያራግፉና፣ «በል ተኛ» ይሉታል። ቀለም አሰብ ውስጥ አይደርቅም፤ ይተኛል።

ሳልህ በየሰዓቱ ብቅ ይላል።

«ጋሽ ውብሸት፣ ደረሰ?»

«ተኝቷል።»

«መቼ ነው የሚነቃው?»

«አንተ ስትተወው።»

መድረሱን የሚያዩት በትንሿ ጣታቸው ነው። አሥሩም ጣቶቻቸው በቀለምና በጋዝ ብዛት ደንድነው ነበር፤ ትንሿ የቀኝ ጣታቸው ግን እንደ እኔ ጣት ለስላሳ ነበረች። «ይቺ ሥራ አትሠራም፤ ስለዚህ አትዋሽም» ይላሉ። የሉኩን ጥግ በእሷ ነካ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ገና ነው።» በማግሥቱ ነካ። «ገና ነው።» እናቴ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች፣ ሳልህ ይጠብቃል፣ አንዳንዴም በር ላይ የቆመ ሾፌር ይጠብቃል። ሁሉም የሚነጫነጨው በእሳቸው ላይ ነው፤ ሙቀቱን እሳቸው ያመጡት ይመስል።

እኔን የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው ብል ውሸት አይሆንም። ዓይናቸው ስለደከመ ከማተማቸው በፊት ጽሑፉን አነብላቸው ነበር፤ ስሜ ሰላም ሆኖ ሳለ «አራሚዬ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን የሾፌሮች ቅጽ ላይ «የጭነት መኪና» በሚለው ውስጥ «ኪ» ወድቃ «የጭነት መና» ይላል። ስነግራቸው ፎጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ተይው፣ ተይው! ሁለት ቀን በር ላይ ለሚቆም ሾፌር ትክክለኛ ስሙ ይኼ ነው። መና!»

ቢሆንም አስተካከሉት። ቀለሙ እስኪተኛ የተቆራረጠ ትርፍ ወረቀት ይሰጡኝና «ጻፊ» ይሉኛል። የጻፍኩትን አንብቤ ልሮጥ ስል፣ «ዛሬ አታንብቢው፤ እርጥብ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ስጽፍ አስተኝቼ ነው የማነበው። ይህንንም ሦስት ቀን አስተኝቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሳልህ ከጅዳ ያገለገለ ማሽን አስመጣ። ከመርከብ ወርዶ በክሬን ሲገባ ማየት የሚፈልግ ሰው በሩን ሞላው። የማሽኑ ጭራ ላይ ወይን ጠጅ መሰል ብርሃን የሚረጭ መብራት አለ። ሳልህ «አልትራ ቫዮሌት ነው» ብሎ አስረዳን፦ ቀለሙ ሌላ ዓይነት ነው፤ አየር አያደርቀውም፤ ይህ ብርሃን እስካልነካው ድረስ እንደ ማር ይኖራል፤ በነካው ቅጽበት ግን ድንጋይ ይሆናል። ጋሽ ውብሸት ፎጣቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሳልህ፣ አሰብ ላይ ቁጭ ብለህ ፀሐይ ከውጭ ታስመጣለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳልህም ሳቀ። «ወላሂ ጋሽ ውብሸት፣ ይቺኛዋ ፀሐይ ትታዘዛለች፤ ያቺኛዋ አትታዘዝም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዲሱ ማሽን ስም «ፀሐይ» ሆነ።

ያቺኛዋ ፀሐይ ስሟ መነሣቱ ሳያናድዳት አልቀረም። ሳልህ ቀለሙን ለሁላችን ሊያሳየን የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ይዞ በር ላይ ወጣ። ሰዓቱ ስድስት ነው። ክዳኑን ከፈተና፣ «ይኸው እዩ፣ ማር በሉት» እያለ ለእያንዳንዱ እያዞረ፣ የወደብ ሰው ሲመጣም እንደገና እያሳየ ቆየ። ሲመለስ ቢላውን ቢሰድበት ቢላው ተንሸራተተ። ላዩ ጠንክሮ እንደ ሰድር ሆኗል። ለካ የእኛም ፀሐይ ያው ብርሃን አላት።

ጋሽ ውብሸት ቆርቆሮውን ተቀብለው በትንሿ ጣታቸው ነካ አደረጉት። «ሳልህ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እሽሩሩ ስለው የኖርኩትን አንተ በሰላምታ አስተኛኸው» አሉ።

እኔ በበኩሌ ታሪኩን በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር፦ አሮጌ ሠራተኛ አዲሱን ማሽን ይጠላል፣ ይጣላል፣ ያዝናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በማግሥቱ የመጀመሪያው ሉክ ከመብራቱ ሥር ሲወጣ ጋሽ ውብሸት አነሡት። ነካ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ነካ አደረጉት። ከዚያ ሃምሳውን ሉክ ደራርበው የወረቀት እሽግ ጫኑበት፤ አንሥተው ጀርባቸውን አንድ በአንድ አዩ። ነጭ። ምንም የለም። «እህ» አሉ፤ የመቀመጫውም የመነሻውም ያልሆነ ሦስተኛ እህ።

«አልማዝ» አሏት እናቴን፣ «ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ይኼን ነው።»

ማታ ማታ ቀለም የሚያዳርሰውን ሩሎ በጋዝ ማጠብ የእሳቸው ሥራ ነበር። ካልታጠበ የአሮጊቷ ቀለም ሩሎው ላይ ቆዳ ያወጣል። የፀሐይን ሩሎ ግን ትተውት ሄደው ጠዋት ሲመጡ ቀለሙ እንደተዉት አገኙት። ደጋግመው ያወሩት ይህን ነው። «ትቼው ሄድኩ፤ ጠበቀኝ! እኔ ስጠብቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ የሚጠብቀኝ ነገር አገኘሁ።» እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ሽታውን እንኳ ወደዱት። የአሮጊቷ ቀለም የተልባና የጋዝ ሽታ ነው፤ የፀሐይ መብራት ግን መብረቅ ከወረደ በኋላ ያለውን አየር ይሸታል ይሉ ነበር። አሰብ መብረቅ ብዙ አታይም፤ እኔ ልመሰክር አልችልም።

እናቴ ግን ደስ አላላትም። አንድ ቀን ወደ ካምቦ ሱዳን፣ ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ «አንቺ ትስቂያለሽ፤ እሳቸው አልቆላቸዋል» አለችኝ።

«ለምን? ማሽኒስት አይደሉ እንዴ? እሷንም ያሠሯታል።»

«እጃቸውን አላየሽም?»

በማግሥቱ አየሁት። አዲሱ ቀለም እጃቸውን ጠልቶታል፤ ጣቶቻቸው መሃል ውሃ ቋጥሯል፣ እስከ ክርናቸው ቀልቷል። ጓንት ቢያደርጉ በአሰብ ሙቀት ጓንቱ ውስጥ ላብ ሞልቶ ባሰባቸው። መብራቱ ደግሞ የደከመ ዓይናቸውን ያስለቅሰዋል። የወደዱት ማሽን አልወደዳቸውም። ፀሐይን ሳልህ ራሱ ማሠራት ጀመረ።

የቤቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለቱን ማሽን አንድ ላይ አይችልም። አንዷ መሄድ አለባት። አሮጊቷ ከሄደች ጋሽ ውብሸት ሥራ የላቸውም፤ የሚኖሩበት ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ ያለ ክፍልም ከሥራው ጋር የተሰጣቸው ነው። ያላቸው ዘመድ ኮምቦልቻ ያለች አንዲት እህት ናት። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ብዙ ሰው ጓዙን ጭኖ ወደ መሀል አገር ሲመለስ እሳቸው ያልሄዱት በሚስታቸው ምክንያት ነው። እትዬ ዘነቡ አሰብ ነው የተቀበሩት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሄዱላቸዋል። የመቃብራቸው መስቀል ላይ በመስታወት የተሸፈነች ትንሽ ሳጥን አለች፤ ውስጧ ስማቸው የታተመበት ካርድ። መስታወቱ ጨው ያለበትን እርጥበት አይከለክልም፤ በየዓመቱ ቀለሙ ይላወሳል፣ ካርዱ ይጠቀለላል፤ እሳቸው በየዓመቱ አሮጊቷ ላይ አዲስ ያትማሉ። «ዘነቡን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ማለታቸውን እናቴ ብዙ ጊዜ ሰምታለች።

ሳልህ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ የጭነት ማኅበር የሾፌሮች መውጫ ካርድ ሲያዝዘው፣ «ሁለቱም ላይ እናትመው፤ የተሻለችው ትቆያለች። ፈራጁ ጋሽ ውብሸት ናቸው» አለ። ፍርድ ቤት ቢሆን ይህ አይፈቀድም ነበር፤ እሳቸው ግን ፈረዱ።

ሁለቱን ካርድ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። የአሮጊቷ ካርድ ላይ ፊደሉ ገባ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ያደገ ይመስላል። የፀሐይ ካርድ ላይ ፊደሉ ብቅ ብሎ ያንጸባርቃል፤ በላዩም በመብራቱ የደረቀ ቬርኒሽ ተቀብቷል። ሁለቱም ላይ ውሃ አንጠባጠቡ። ከአንገታቸው ላብ በጣታቸው ወስደው ሁለቱንም አሹ። የአሮጊቷ ካርድ ግራጫ ሆነ። የፀሐይዋን ጥግ ሲያጥፏት ቬርኒሹ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ ይህንንም ለሳልህ አሳዩት።

«ይቺኛዋ ወረቀቱ ላይ ተቀምጣለች፤ የእኔዋ ወረቀቱ ውስጥ ገብታለች። ግን ሾፌር ካርዱን አያጥፈውም፤ ያልብበታል። ላብ ከሆነ ጉዳዩ፣ ያንተዋ ትበልጣለች» አሉ። ፎጣቸውን ጨምቀው አንገታቸው ላይ መልሰው ጣሉት።

ካርዱ ታተመ፣ ማኅበሩም ወሰደው። ሳምንት ሳይሞላ ተካ ማተሚያ ቤቱን በርግዶ ገባ።

«ጋሼ! ምን ዓይነት ጉድ ነው የሠራችሁልኝ?»

ማኅበሩ ካርዱ ላይ ማኅተም መታለት፤ ተካም እጁ ላይ ይዞት ወረፋ ጠበቀ። የወደቡ በር ላይ ሲደርስ ማኅተሙ የለም። ካርዱ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ማኅተሙ ያለው ተካ መዳፍ ላይ ነው፤ የግራው ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ሐምራዊ ሆኖ፣ ክቡ ሳይዛባ።

«መዳፌን አሳየኋቸው! ይኸው ማኅተሙ አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እንግዲያው እጅህ ይለፍ፤ መኪናው ይቆያል።›» እኛ በሳቅ ሞትን፤ እሱ ግን ሁለት ቀን ዱቄት ጭኖ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ቀጥሎ ሌሎቹም ሾፌሮች መጡ፤ እያንዳንዱ መዳፉን እያሳየ። ማኅበሩ ካርዱን በሙሉ መለሰ።

ሳልህ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ያዘ። «በቃ። ማኅተም የማይዝ ወረቀት ወደብ ላይ ምን ያደርጋል? ሁሉም ሥራችን ማኅተም ነው። ፀሐይን እመልሳታለሁ። አሮጊቷ ትቆይ።»

እናቴ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨብጣ አሳመመችኝ። ደስታ ነው። እኔም ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሽ ውብሸት ግን አንዱን ካርድ አንሥተው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት፤ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ይዘውት ለቀትር ዕረፍት ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ወሰድኩላቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ካርዱንና አንድ ምላጭ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

«በምኑ?»

«አይሄዱማ! አሮጊቷ ትቆያለች።»

ውሃውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «ነይ እዪ» አሉኝ። «ማኅተም እንደ እኔ ቀለም ነው፤ መግቢያ ይፈልጋል። እኛ ቬርኒሽ ቀብተን በሩን ዘጋንበት። ቬርኒሹን የሚቀባው ጎማ ነው። ከጎማው ላይ ማኅተሙ የሚያርፍበትን ያህል በምላጭ ቆርጠሽ ብታነሺ፣ እዚያ ጋ ቬርኒሽ አይደርስም። የቀረው ሁሉ ላብ አይነካውም፤ ማኅተሙም መግቢያ ያገኛል።» በጥፍራቸው ካርዱ ላይ አራት ማዕዘን ሠሩ። «ይቺን ታህል ቦታ መተው ብቻ ነው።»

ቀላልነቱ አስደነገጠኝ። «ሳልህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አይንገሩት!» አልኩ። እንዲህ ማለቴን አልደብቅም። «ማን ያውቅብዎታል? እትዬ ዘነቡስ?»

ጋሽ ውብሸት አልተቆጡኝም። የቆሰለ እጃቸውን አገላብጠው አዩና በጣም በቀስታ፣ «አራሚዬ» አሉኝ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም እስኪደርቅ ስጠብቅ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ሰው እንዳይነቃብኝ ስጠብቅ ልኑር? ደከመኝ እኮ።»

«እህ» ብለው ተነሡ። እግራቸውን እየጎተቱ ግቢውን ሲያቋርጡ ከኋላቸው ሄድኩ። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት፤ መርፌዋን አስቀመጠች።

ጎማውን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። ጓንት አድርገው፣ ማስመሪያ ይዘው፣ ምላጩን በየጎኑ ሁለት ጊዜ ብቻ እያስኬዱ። ሳልህ መብራቱን አበራ። የወጣው ካርድ መልኩ ሁሉ ያበራል፤ ከታች በቀኝ በኩል ብቻ የደበዘዘች መስኮት አለች። ሳልህ የቤቱን ማኅተም መታባት። ጠበቀ። ባላበው እጁ አሻት። ምራቁን ቀብቶ አሻት። ማኅተሙ አልነቃነቅም አለ። ያኔ ቀና ብሎ አያቸው፤ ገብቶታል።

«ጋሽ ውብሸት፣ ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ እኮ...»

«አውቃለሁ።»

«ክፍሉ የእርስዎ ነው። ወላሂ፣ ማንም አያስወጣዎትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳልህ። እስቲ አየዋለሁ።»

አሮጊቷ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተፈታታ ሄደች። ጋሽ ውብሸት የቆመችበትን ቦታ እየጠረጉ ጥቂት ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴን፣ «አልማዝ፣ አሰብን የምንችላት እኮ ሥራ አለን ብለን ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ሙቀቷ ብቻ ቀረ» አሏት። ለእህታቸው በተካ በኩል ላኩባት።

ከመሄዳቸው በፊት ሳልህን የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ አንዲት ካርድ በፀሐይ እንዲያትምላቸው። የእትዬ ዘነቡን ስም። ፊደሉን እኔ አረምኩ። ጎማውን እሳቸው አዘጋጁ፤ ቀለሙን ሳልህ ነካላቸው። ካርዱ ሲወጣ ወደ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት፤ ከስማቸው ሥር አንዲት የደበዘዘች ቦታ አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቬርኒሹ አልያዘም።»

«ለማኅተም ነው።»

«መቃብር ላይ ምን ማኅተም አለ?»

«አራሚ ፊደል ነው የሚያየው። ፊደሉ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«በቃ።»

እሑድ እሳቸው፣ እናቴና እኔ ሄደን መስታወቱ ውስጥ አደረግነው። ጋሽ ውብሸት እጃቸውን መስቀሉ ላይ አድርገው ጥቂት ቆሙ፤ የተናገሩትን አልሰማሁም። ማክሰኞ ጠዋት ተካ መኪና ላይ ወጡ። ሲወጡ ከታች ሆኜ ወገባቸውን ገፋሁላቸው፤ «እህ» አሉ። የትኛው እህ እንደሆነ አልለየሁትም። «እንዴት ይከርማሉ ጋሼ?» ብላቸው በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «እየጠበቅን» አሉኝ፤ መኪናው ወደ ቡሬ መንገድ ታጠፈ።

ይህ ከሆነ አሥር ወር ሆነው። ተካ ነግሮን በሄደ በማግሥቱ፣ እናቴ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ስታስተናግድ፣ ማተሚያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከአሮጊቷ የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ፈለግሁ። ላዩ ወፍራም ቆዳ አውጥቷል። በቢላ ቀድጄ ሳየው ከሥሩ ትኩስ ነው፤ የተልባ ሽታው እንዳለ። በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀጭን ብሩሽ ይዤ ወደ መቃብሩ ሄድኩ።

መስታወቱ በውስጡ እርጥበት አዝሏል። ከፈትኩት። የእትዬ ዘነቡ ስም እንደታተመ ቀን ነው፤ አንዲት ፊደል አልተላወሰችም። በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ውሃው ከቬርኒሹ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ከሥሩ ያቺ የደበዘዘች ቦታ አለች፤ ባዶ ወረቀት፣ ለአንድ ሰው ስም የምትበቃ።

ትንፋሼን ይዤ ጻፍኩ። «ውብሸት»። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ቀለሙን ቀስ ብሎ ሲቀበለው ይታያል።

ጥቂት ቆይቼ ትንሿን ጣቴን ጥጉ ላይ ነካ አደረግሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ገና ነው።

መስታወቱን ብዘጋው ይላወሳል። ነፋሱ ከባሕሩ ሙቀቱን ይዞ ይመጣል፤ በዚህ አየር ቶሎ እንደማይሆን አውቃለሁ። «በል ተኛ» አልኩና አጠገባቸው ተቀምጬ ጠበቅሁ።